እንዴት ለእርሱ ጥብቅና ትቆማለህ?



ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ አንዲት ጥያቄ ሳትነሳ አትቀርም። ስሙ በከተማው የጠፋ ተከሳሽ ይወሳል፤ የጠበቃው ስም ይከተላል፤ ወዲያው ከመካከል አንዱ፣ «ኧረ ለመሆኑ እንዴት ብሎ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጥብቅና ይቆማል?» ይላል። ጠያቂው መልስ ፈልጎ አይደለም። በተከሳሹ ላይ የፈረደውን በጠበቃውም ላይ ደርቦ ፈርዶ ጨርሷል። ኅሊናውን የሸጠ፣ ምላሱን የሚያከራይ እያለ ይቀጥላል።

እርግጥ ነው፣ እንደዚያ ያሉ ጠበቆች አሉ። ምስክር በሐሰት የሚያስጠና፣ የየቲም ንብረት በወረቀት ብልሃት የሚያስነጥቅ ሞልቷል። እርሱን ለራሱ እንተወው። ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ሌላውን ጠበቃ ነው፤ ማንም ሊነካው ያልፈለገውን መዝገብ ተቀብሎ ችሎት የሚቆመውን፣ በዚህም ሰበብ ከባለሥልጣን ወይም ከሕዝብ ዛቻ የሚደርስበትን። ይህን ሰው ስንጠላ፣ ስናሸማቅቅ፣ ሲነካም ዝም ስንል በእውነቱ የምንጎዳው ማንን ነው?

«ጠበቃ» የሚለው ቃል ከመጠበቅ የመጣ ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተከሳሹን ከቅጣት ይመስለዋል። ከዚያ ይልቅ የሚጠብቀው ዳኛውን ከስሕተት ነው ብንል ወደ እውነቱ ሳንጠጋ አንቀርም። ዳኛ ነገሩ ሲፈጸም በቦታው አልነበረም፤ ያለው ጆሮው ብቻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኳቸው የአንደኛውን ወገን ቃል እንደሰሙ ሁሉ የሁለተኛውንም ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ እንዳዘዟቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በሌላም ሐዲስ ከተሟጋቾች አንዱ ከሌላው ይበልጥ አንደበቱ የተባ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚህም ሰበብ የወንድሙን ሐቅ የተፈረደለት ሰው የተቀበለው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ስለ አንደበት ልዩነት ይህን ያህል ከተጠነቀቁ የእኛ ዘመን ችሎትማ እንዴት ይሆን? በአንድ በኩል ዐቃቤ ሕግ አለ። ከኋላው ፖሊስ፣ መርማሪ፣ የመንግሥት ካዝና፣ አንዳንዴም ቴሌቪዥን ተሰልፏል። በሌላው በኩል ሌሊቱን እንቅልፍ ያልወሰደው፣ የክሱ ወረቀት በቅጡ ያልገባው፣ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው ቆሟል። ከጎኑ የሚናገርለት ከሌለ ዳኛው በአንድ ጆሮው ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ ምን እንደጠየቁ አስታውሱ። ከፊርዐውን ሰዎች አንዱ በእጃቸው ሞቶ ስለነበር እንዳይገድሏቸው ፈርተዋል። አላህ (ሱ.ወ) ከእርሳቸው ጋር መሆኑን እያወቁ፣ ተኣምራቱም በእጃቸው እያለ፣ ወንድማቸው ሃሩን ከእርሳቸው ይልቅ አንደበቱ የቀና ነውና አብሯቸው እንዲላክ ለመኑ። ልመናቸውም ተሰማ። በኃያል ፊት ለሚቆም ሰው የሚናገርለት ማስፈለጉ እንግዲህ ፈረንጅ ያመጣው ፈሊጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ቁርኣን የቀራ አንባቢ፣ «በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አያ ጀምሮ ለከዳተኞች ተሟጋች መሆን ተከልክሎ የለምን?» ሊል ይችላል። ተከልክሏል። ግን አያው ለምን እንደወረደ እንይ። ሙፈሲሮች በሰፊው በሚያወሱት ዘገባ መሠረት ከመዲና ነዋሪዎች አንዱ የጦር ጥሩር ይሰርቃል። ሊነቃበት ሲል ዕቃውን አንድ አይሁዳዊ ቤት ያስቀምጥና ወንጀሉን በእርሱ ላይ ያላክካል። የሌባው ዘመዶች ተሰብስበው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመምጣት ስለ ወገናቸው ንጽሕና ተሟገቱ። አይሁዳዊው ደግሞ በዚያ ጉባኤ ተነሥቶ የሚናገርለት ጎሳ አልነበረውም። ነጻ ያወጣው የወረደው ወሕይ ነው። እንግዲህ አያው የሚገሥጸው እውነቱን እያወቁ በወገንተኝነት ሐሰትን የሚያሳምሩትን ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ሰው አለ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚናገርለት ያጣው ሰው። ይህን አያ ለብቸኛ ተከሳሽ የሚቆመውን ጠበቃ መምቻ ማድረግ ነገሩን መገልበጥ ይሆናል።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ615 ግድም ከመካ የተሰደዱት ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ምድር መጥተው በነጃሺ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩባቸው። አብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓና ያን ጊዜ ገና ያልሰለሙት ዐምር ኢብኑል ዓስ ነበሩ። የመልእክተኞቹ ብልሃት ይደንቃል። ንጉሡን ከማነጋገራቸው በፊት በዙሪያቸው ላሉት ሹማምንት ለእያንዳንዳቸው ስጦታ አደሉ። በምላሹ የጠየቁትም ስደተኞቹ እንዲገደሉ ወይም እንዲታሰሩ አልነበረም። ንጉሡ ሳያነጋግሯቸው አሳልፈው እንዲሰጧቸው እንዲመክሩላቸው ብቻ ነው። ሹማምንቱም እንደተባሉት መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጡ። በግዛቴ የተጠጉትን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አልሰጥም አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው ተናገሩ። በማግስቱ ዐምር ሌላ ክስ ይዘው ሲመጡ፣ ጥያቄውም ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲሆን፣ ጃዕፈር የንጉሡን ሃይማኖት ፈርተው ቃላቸውን አላለዘቡም። ስጦታው ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩታል። የምንወድደውም ስለ ነጃሺ ፍትሕ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን የቁረይሾቹ ጥያቄ ነው። «አይሰሙ» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ጠበቃን የሚያስፈራራ ኃይል ሁሉ፣ ዙፋን ላይም ይቀመጥ መንገድ ላይም ይሰለፍ፣ የሚለምነው ይህንኑ ነው።

በዘመናችን የዚህ ነገር ሁለት ገጽታው በግልጽ የታየባት ሀገር ፓኪስታን ናት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚል ተረት ላደግን ለእኛ ታሪኩ ደስ ብሎ ይጀምራል። ማርች 9 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንቱና የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ፐርቬዝ ሙሸረፍ የሀገሪቱን ጠቅላይ ዳኛ ኢፍቲኻር ሙሐመድ ቻውድሪን ራዋልፒንዲ ውስጥ ወዳለው የጦር አዛዡ ቢሮ አስጠሯቸው። የጦር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በፈቃድዎ ይልቀቁ አሏቸው። ዳኛው እምቢ አሉ፤ ታገዱም። በይፋ የተነገረው ምክንያት ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም የሚል ነው። ነገር ግን የእርሳቸው ፍርድ ቤት በ2006 የአንድ ግዙፍ የመንግሥት ብረታብረት ፋብሪካ ሽያጭ መሻሩን፣ በጸጥታ ኃይሎች ተወስደው ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ጉዳይም መያዙን ሀገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ያኔ ጥቁር ኮት የለበሱ ጠበቆች አደባባይ ወጡ። ችሎት አንገባም አሉ። ጠበቃ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ችሎት ካልገባ ለልጆቹ የሚያበላው የለውም። በትንንሽ ከተሞች ያሉ፣ የዕለት ጉርሳቸውን ከዕለት መዝገብ የሚያገኙ ጠበቆች ለወራት ይህን ቻሉ። በሜይ ወር ዳኛው ከኢስላማባድ ወደ ላሆር በመኪና ሲጓዙ በጥቂት ሰዓት የሚያልቀው መንገድ በሕዝቡ ብዛት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ፈጀ። መኪናውን ይነዱላቸው የነበሩት በክርክሩም ጠበቃቸው የሆኑት አይተዛዝ አሕሰን ናቸው። ጁላይ 20 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛውን ወደ ቦታቸው መለሰ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ኖቬምበር 3 ሙሸረፍ የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ። ስልሳ ያህል የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ዳኞች ከወንበራቸው ተነሡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠበቆችና ሌሎች ተቃዋሚዎች ታፈሱ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙኒር ማሊክ በእስር ላይ ሳሉ ኩላሊታቸው ታውኮ ለሞት ተቃርበው ሆስፒታል ገቡ። ሙሸረፍ በኦገስት 2008 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጠበቆቹ ወደ ዋና ከተማዋ ረጅሙን ጉዞ በጀመሩ በቀናት ውስጥ፣ በማርች 2009፣ ዳኛውም ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ጠመንጃ ያልያዙ ሰዎች ናቸው። ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ጽሑፋችን ያምር ነበር፤ ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2011 የፑንጃብ አገረ ገዥ ሰልማን ተሲር በራሳቸው ጠባቂ ተገደሉ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በመስደብ የተፈረደባት አንዲት ክርስቲያን ሴት ምሕረት እንዲደረግላት በመናገራቸውና ሕጉን በመንቀፋቸው ነው። ገዳዩ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተወሰኑ ጠበቆች የጽጌረዳ አበባ በተኑበት። ጥቁሩ ኮት ያው የ2007ቱ ጥቁር ኮት ነው። እዚህ ላይ ነገር እንዳይምታታ። ያ ገዳይ ጠበቃ ማግኘቱ ስሕተት አይደለም፤ እርሱም ይሰማ ዘንድ መብቱ ነው፤ ጠበቃው ቢወቀስ እኔ ከወቃሾቹ ጋር አልሆንም። ነገር ግን ጥብቅና መቆም ሌላ ነው፣ አበባ መበተን ሌላ። ጠበቃ ከደንበኛው ተለይቶ ይቆማል። አበባ በታኙ ግን ልዩነቱን ራሱ አጥፍቶታል። ልዩነቱን ያጠፋ ሰው ነገ የሌላውን ጠበቃ «አንተም እንደ ደንበኛህ ነህ» ቢል ምን ይገርማል?

በሙልታን ከተማ የሆነውም ይኸው ነው። በ2013 አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በኢንተርኔት ላይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያዋርድ ነገር ጽፏል ተብሎ ተያዘ፤ እርሱ ክሱን ክዷል። የነቢዩን ክብር መንካት ለማናችንም ቀላል ነገር አይደለም፤ አንጀት ያቃጥላል። ዳኛው የሚመረምረው ጥያቄ ግን አንጀታችን መቃጠሉን አይደለም፤ ሰውየው ብሎታል ወይስ አላለም የሚለውን ነው። ያን የሚያጣራ ጠበቃ ጠፋ። የመጀመሪያው በዛቻ ምክንያት ተወው። ራሺድ ረሕማን ግን ተቀበለው፤ የፓኪስታን ሰብአዊ መብት ኮሚሽን የተባለው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሙልታን አስተባባሪም ነበር። በኤፕሪል 2014 በችሎት ላይ፣ ዳኛው ባሉበት፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ በሕይወት እንደማይመጣ ተነገረው። ከዛቾቹ መካከል የሙያ ባልደረቦቹ የሆኑ የከሳሽ ወገን ጠበቆች እንደነበሩ ድርጅቱ አስታውቆ ጥበቃ እንዲደረግለት ጠየቀ። ሜይ 7 ቀን 2014 ምሽት ታጣቂዎች ቢሮው ገብተው ገደሉት። በማግስቱ በከተማው የተበተነው በራሪ ወረቀት ለተሳዳቢ በመቆሙ ዋጋውን አገኘ የሚል ነበር።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጄኔራል የለም። ያዘዘ ሚኒስትርም የለም። ጠበቆቹ ከሰባት ዓመት በፊት በጄኔራል ፊት ያልተንበረከኩበት ምክንያት ሕዝቡ ከኋላቸው ስለነበረ ነው። ራሺድ ረሕማን ብቻውን የቆመው ሕዝቡ ከፊቱ ስለነበረ ነው። ከሁለቱ የሚከብደው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ እተዋለሁ። የፖለቲካ ጫና ስንል ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣ እንዲመስለን ለምደናል። ብልህ ባለሥልጣን ግን ጠበቃን በራሱ እጅ መንካት አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱ ፊቱን እንዲያዞርበት ማድረግ ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 በሐቫና በተካሄደ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቁት የጠበቆች ሚና መርሆዎች በ18ኛው አንቀጻቸው፣ ጠበቃ ሥራውን በመሥራቱ ብቻ ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ዓላማ ጋር እንዳይደመር ይደነግጋሉ። ነገሩ የድሃ ሀገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ በ2025 አሜሪካ የሆነውን ይመልከት። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ተቃዋሚዎቻቸውን ያገለገሉ ወይም እርሳቸውን የመረመሩ ሰዎችን የቀጠሩ የሕግ ድርጅቶችን በስም እየጠሩ ወደ መንግሥት ሕንጻ እንዳይገቡ፣ ደንበኞቻቸውም የመንግሥት ውል እንዲያጡ የሚያደርጉ ትእዛዞች አወጡ። አራት ድርጅቶች ከሰሱ፤ አራቱም በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሸነፉ፤ መንግሥትም ይግባኝ ጠየቀ። ዘጠኝ ሌሎች ግን ሳይሟገቱ ተስማሙና ፕሬዚዳንቱ ለሚደግፏቸው ጉዳዮች በድምሩ ወደ 940 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ነጻ አገልግሎት ለመስጠት ቃል ገቡ። እስር የለም፣ ጥይት የለም። የሙልታኑ ጠበቃ በአንድ ጠባብ ቢሮ ያላደረገውን ብዙ መቶ ጠበቃ ያሏቸው ድርጅቶች ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠው አደረጉት።

የእኛም ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም። «በላ ልበልሃ» ብሎ በዛፍ ሥር ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ነን፤ ሙግት አዋቂ ይከበር ነበር። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 199/1992 መሠረት የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ፍትሕ ሚኒስቴር ነበር፤ ዐቃብያነ ሕጉም የእርሱ ሠራተኞች ነበሩ። ተሟጋችህ የእንጀራህን ምጣድ ይዞ ይሟገትሃል ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ መቋቋሙ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፍሬውን የምናየው ከባድ መዝገብ ሲመጣ ነው።

ከባድ መዝገብ ምን እንደሆነ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ የሙስሊሙን ጥያቄ ያቀረቡት የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። የእንቅስቃሴው መፈክር «ድምፃችን ይሰማ» ነበር። ቁረይሾች ነጃሺን የለመኑትን ያስታወሰ ሰው መፈክሩ ከምን ያህል ዘመን እንደሚመጣ ይገባዋል። ክሱ ገና በችሎት ላይ እያለ በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ተመልካቹ ከዳኛው ቀድሞ እንዲፈርድ ተጋበዘ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ፤ ኋላ በተለያየ ጊዜ ተፈትተዋል። በእነዚያ ዓመታት «ለአሸባሪ ጥብቅና ይቆማል» ለማለት ለሚሻ ሰው ቃሉ ተዘጋጅቶለት ነበር። እናቶችና ሚስቶች በችሎቱ በር ቆመው የጠበቆቹን መምጣት ሲጠብቁ ስለዚያ ቃል ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት አይከብድም። እኛ ያን ጊዜ ያመሰገንነውን ሥራ፣ ተከሳሹ የማንወደው ሰው ሲሆን፣ የሌላ እምነት ወይም የሌላ ብሔር ወይም በእውነትም የበደለን ሲሆን፣ ነውር የምናደርገው በየትኛው ሚዛን ነው? በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አያ የሰዎች ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን የታዘዝነው ስለ ወዳጆቻችን አይደለም።

ልጃችሁ ሕግ እየተማረች ነው እንበል። ተመርቃ፣ ፈቃድ አውጥታ፣ አንድ ቀን ማታ ወደ ቤት መጥታ፣ «አባባ፣ የእገሌን መዝገብ ያዝኩ» ብትላችሁ፣ እገሌም መላው ሰፈር የሚረግመው ሰው ቢሆን ምን ትላላችሁ? ለሕይወቷ መፍራት የወላጅ ወግ ነው፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ግን ከፍርሃቱ በፊት ከአፋችሁ የምትወጣው ያቺው የቡና ላይ ጥያቄ ከሆነች፣ ልጅቱ ነገ በችሎት የሚዝትባትን ሰው ድምፅ የሰማችው መጀመሪያ ከአባቷ አፍ ይሆናል።

በሙልታን የተከሰሰው መምህር ጉዳይ ከራሺድ ረሕማን ሞት በኋላም ለዓመታት ተጓተተ። ችሎቱ ለደኅንነት ሲባል በእስር ቤቱ ውስጥ ይሰየም ነበር፤ ዳኞችም በተደጋጋሚ ተቀያየሩ። በዲሴምበር 2019 የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ይግባኝም ተባለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን መዝገቡን የሚቀበል ጠበቃ አልጠፋም። ፍርዱ በተነበበ ዕለትም ተከሳሹ ጠበቃ ነበረው።